ፍቺውን ጻፋችሁ፤ ቤዙስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ስፖርቱን፣ ከዚያ ማስታወቂያውን፣ በመጨረሻ መዝናኛውን። ባለፈው ሳምንት ግን ከመዝናኛው ጀመርኩ። ፍሊትውድ ማክ የሚል ርዕስ ከሩቅ አይቼ ነው፤ ከእንግሊዝ የተነሳው የሮክ ባንድ። የኛ ሀገር ጋዜጣ ስለዚህ ባንድ ሙሉ ገጽ ይጽፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ረሳሁት።

አንድም ቃል ሳልዘል ጨረስኩት። ማን ከማን እንደተፋታ፣ ማን ስለማን ዘፈን እንደጻፈ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ሁሉም አለ። ጥሩ ተጽፏል፣ አልዋሽም። ባለቤቴ የሮክ ሙዚቃ ራሴን ያመኛል ነው የምትለው፤ እሷ እንኳ ከእጄ ነጥቃ አነበበችና «ታዲያ እንዲህ እየተጣሉ እንዴት አብረው ይሠሩ ነበር?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ጽሑፋችሁ ውስጥ የለም። መልሱን ከፎቶው ላይ ቆርጣችሁ አውጥታችሁታል።

እስቲ ፎቶውን ድጋሚ እዩት። ባንዱ ያኔ አምስት ሰው ነበር። እናንተ ያወጣችሁት ላይ ያለው አራት ተኩል ነው። ቀኝ ጠርዙ ላይ የቤዝ ጊታር አንገትና አራት ጣት ይታያል፤ የቀረው ሰውዬ ለማስታወቂያ ቦታ ሲባል ሄዷል። ጣቶቹ የጆን ማክቪ ናቸው። ፍሊትውድ ማክ ከሚለው ስም ውስጥ «ማክ» የተባለው እሱ ነው። የስሙን ቁራጭ ለባንዱ የሰጠ ሰው ከባንዱ ፎቶ ተቆረጠ ማለት ነው። ጽሑፉ ውስጥስ? አንዴ ተጠቅሷል፤ እሱም «የክሪስቲን የቀድሞ ባል» ተብሎ፤ ክሪስቲን የባንዱ ዘፋኝና ኪቦርድ ተጫዋች ናት። ስለ አጨዋወቱ አንድ መስመር የለም።

ለምን እንዲህ እንደተናደድኩ ልንገራችሁና ልቀጥል። ቀን ቀን የምሠራው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ቤዝ እጫወታለሁ፤ ይኸው ሃያ ምናምን ዓመቴ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም የሠርግ ቪዲዮ ላይ ፊቴን አይቼ አላውቅም። ካሜራው ዘፋኙን ያነሳል፣ ሳክስፎኑን ያነሳል፣ ኪቦርዱን ያነሳል፣ ልክ ወደኔ ሊዞር ሲል ኬኩ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ሚዜ እረፍት ላይ ጠጋ አለኝና በጣም አዝኖልኝ «ወንድሜ፣ ጊታርህ ሁለት ክር ተበጥሶበት ነው እንዴ?» አለኝ። አልተበጠሰም፤ የቤዝ ክር አራት ነው። እንግዲህ ደብዳቤው ውስጥ ትንሽ የግል ቂም አለበት፣ ይታወቅልኝ።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጆን ማክቪ በ1945 ነው የተወለደው፣ ለንደን ኢሊንግ የሚባል ሰፈር። በ14 ዓመቱ ጊታር ያዘ። ያኔ የእንግሊዝ ጎረምሶች የሚሞክሩት ዘ ሻዶውስ የሚባለውን የጊታር ባንድ ሙዚቃ ነበር። ጆን ዙሪያውን ሲያይ ጓደኞቹ በሙሉ ሊድ ጊታር፣ ማለትም ዜማውን የሚመራውን ጊታር ነው የሚማሩት። ሁሉም ፊት መቆም ይፈልጋል። እሱ ምን አደረገ? ከጊታሩ ላይ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ፈታቸውና በቀሩት አራቱ የቤዙን ክፍል መጫወት ጀመረ። (ያ ሚዜ እሱን ቢያገኘው ኖሮ ልክ ነበር።) በኋላ አባቱ ሮዝ ቀለም ያለው ፌንደር ቤዝ ገዙለት፤ የሻዶውሱ ቤዝ ተጫዋች ጄት ሃሪስ የሚጫወትበት ዓይነት። ከዚያ ከመንገዳቸው ልጆች ጋር ባንድ ሆነው ሠርግና ግብዣ ላይ ይጫወቱ ነበር። አዎ፣ ሠርግ!

ይባስ ብሎ፣ በ17 ዓመቱ ትምህርት እንደጨረሰ የግብር ተቆጣጣሪ ለመሆን ሥልጠና ገባ። ዘጠኝ ወር ቆየበት። ይህን ያነበብኩ ቀን ከወንበሬ ተነስቼ ቢሮ ላሉት ሁሉ አወራሁ። አለቃዬ «እና መጨረሻው ምን ሆነ?» አለኝ። «ለቀቀ» አልኩት። ብዙም ደስ አላለውም።

ጆን ሜዮል የሚባለው የብሉዝ ሰው በ1963 አካባቢ ባንድ ሲያደራጅ መጀመሪያ የጠየቀው ሌላ ቤዝ ተጫዋች ነበር። ያ ሰው አልገባም አለና የጆንን ስልክ ሰጠው። ልጁ ብሉዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ሜዮል የአሜሪካኖቹን የብሉዝ ሰዎች የቢቢ ኪንግንና የዊሊ ዲክሰንን ሸክላዎች ሰጠው፤ እየሰማ ተማረ። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው። እኔ ይህን የምለው አጨዋወቱ ላይ እስከዛሬ ስለሚሰማ ነው። ብሉዝ ውስጥ ያደገ ቤዝ ተጫዋች ታሪኩ የዘፋኙ መሆኑን ያውቃል። አንዱ እያለቀሰ ሲያወራ አጠገቡ ተቀምጦ «እህ… እሺ… ከዚያስ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል አይደል? እንደሱ ነው።

በ1967 ጊታሪስቱ ፒተር ግሪን ከሜዮል ተለይቶ የራሱን ባንድ አቋቋመ። ድራም ላይ ሚክ ፍሊትውድን ያዘ። ቤዝ ላይ ማክቪን ፈለገ። ማክቪ እምቢ አለ፤ ሜዮል ጋ ደሞዙ የታወቀ ነው። ግብር ቤት የሠራ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው፣ እኔም ብሆን እምቢ ነበር የምለው። ግሪን ታዲያ ለማባበል ብሎ ባንዱን በሁለቱ ስም ሰየመው። አስቡት እንግዲህ፣ ሰው ሊያየው የሚመጣው ጊታሪስትና ዘፋኝ ራሱ ነው፣ እሱ ግን የራሱን ስም ትቶ የድራመሩንና ገና እሺ ያላለውን የቤዝ ተጫዋች ስም ባንዱ ላይ ለጠፈ። ነሐሴ ላይ ዊንዘር ፌስቲቫል መድረክ ሲወጡ ስሙ አለ፣ ባለስሙ የለም፤ ቤዙን የያዘው ሌላ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሜዮል ባንዱ ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያዎች ሲጨምር ነገሩ ወደ ጃዝ ሄደበትና ማክቪ ደሞዙን ትቶ ወደ ስሙ መጣ።

ከዚያ በኋላ ጊታሪስት ይመጣል፣ ጊታሪስት ይሄዳል። ግሪን በ1970 ወጣ። ሌሎቹም በየተራ ወጡ። ክሪስቲን ገባች። ጊታሪስቱ ሊንዚ በኪንግሃምና ዘፋኟ ስቲቪ ኒክስ በ1974 መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ ተቀላቀሉ። ብሉዝ የነበረው ወደ ፖፕ ሮክ ተለወጠ፣ እንግሊዝ የነበረው ካሊፎርኒያ ገባ። ከመጀመሪያው አልበም እስከ መጨረሻው ሳይወጡ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ድራመሩና ቤዙ።

አሁን ስለ አጨዋወቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ቤዝ ስንል ብዙ ሰው የሚመጣለት ጡዝ ጡዝ የሚለው ነው። የታክሲው የኋላ መስታወት የሚንቀጠቀጥበት። ሠርግ ላይም «ቤዙን ጨምረው!» ይሉናል፤ ለቤዙ ግን የጎደለው ድምፅ ሳይሆን የሚሰማው ሰው ነው። የቤዝ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ ከድራሙ ጋር ሆኖ ምቱን ይይዛል። ሁለተኛ ለኮርዱ፣ አብረው ለሚመቱት ኖታዎች፣ መሠረት ይሆናል፤ ላይ ኪቦርዱና ጊታሩ የሚሉት ነገር ደስታ ይሁን ሐዘን የሚለየው ብዙ ጊዜ ከታች ባለችው አንዲት ኖታ ነው። ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች በነዚህ በሁለቱ መካከል ሌላ ሦስተኛ ነገር ይጨምራል፤ ዜማ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ የምትገባ፣ ሲመለስ የምትወጣ ትንሽ ዜማ። ማክቪ የተካነው በዚህች ነው። ብዙ ጊዜ ሳናውቀው የምናንጎራጉረው የዘፋኙን ሳይሆን የሱን ነው።

በነገራችን ላይ የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይነካ ክፍት ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ አካባቢ ነው የሚርገበገበው። የስልካችሁ ስፒከር እዚያ ድረስ መውረድ አይችልም። ስለዚህ በስልክ ስፒከር ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ማክቪን አልሰማውም፤ የማክቪን ጥላ ነው የሰማው። ልጄን ይህን ነግሬያት «አባዬ ደግሞ ጀመረ» ብላኝ ሄደች።

እሷ ይህን ባንድ የምታውቀው በቲክቶክ ነው። በ2020 አንድ ሰውዬ ስኬትቦርድ ላይ ቆሞ ጭማቂ ከነጠርሙሱ እየጠጣ የሚሄድበት ቪዲዮ ነበር፣ ታስታውሱ እንደሆነ። ከኋላው የሚሰማው «ድሪምስ» ነው። በ1977 የወጣ ዘፈን በዚያ ቪዲዮ ምክንያት ከ43 ዓመት በኋላ እንደገና የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። ባንዱ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣበት ብቸኛ ዘፈንም ይኸው ነው። ስቲቪ ኒክስ በአስር ደቂቃ ውስጥ ጻፍኩት ብላለች። ክሪስቲን መጀመሪያ ስትሰማው አሰልቺ መስሏት ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ወረቀት ላይ ብታዩት ምንም የለውም። ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ኮርድ ነው የሚመላለሰው። ቤዙም እንዲሁ፤ ፋ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሶል። አራት ደቂቃ ከምናምን።

አሁን ይህን ዘፈን እኔ እንዴት እንደተጫወትኩት ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ሆቴል ውስጥ በሚሠራ ባንድ ለጥቂት ወራት ገብቼ ነበር። ፈረንጅ እንግዶች ስለነበሩ «ድሪምስን» አጠናን። ሁለት ኖታ መሆኑን ሳውቅ ሳቄ መጣ። እዚህማ ችሎታዬን አሳያለሁ አልኩ። ፋውን መታሁና ወደ ሶል እስክደርስ ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ ሞላሁት። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ተንሸራተትኩ። አንድም ቀዳዳ አልተውኩም። ሙዚቃው ሲያልቅ እኔ አልቦኛል። ኪቦርድ የሚጫወቱት ሰውዬ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ልጅቷ እኮ የልቧን እያወራች ነው። አንተ ደግሞ ጎን ቆመህ ስለ መኪና ዋጋ ታወራለህ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ቤት ሄጄ አልተኛሁም።

በማግስቱ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሌላውን ሁሉ ትቼ ቤዙን ብቻ ተከተልኩ። ሰውዬው ብዙ ነገር አያደርግም። አንዷን ኖታ ያስቀምጣታል። ይተዋታል። ትረዝማለች። ከዚያ ያቆማታል፤ ለካ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው፣ መቼ እንደሚመታ ሳይሆን መቼ እንደሚያነሳ። ድራሙ ያችን ባዶ ቦታ አግኝቶ ይገባባታል። ዘፈኑ የሚተነፍስ የሚመስለው ለዚህ ነው። እኔ ያን ሌሊት የሞላሁት የሷን መተንፈሻ ነበር። ሁለቱን ኖታ እንደሱ አድርጎ ለመጫወት ስንት ጊዜ ፈጀብህ ብትሉኝ፣ ገና ነኝ።

«ሁለት ኖታማ ማንም ይጫወታል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እሺ፣ ይሞክር። ሰው ሁሉ እያየው፣ እጁ ሌላ ነገር ማድረግ እየቻለ፣ አራት ደቂቃ ሙሉ ሳያደርገው ይቆይ። ከግብር ምርመራ ይከብዳል።

ዝም ብሎ ሁለት ኖታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው እንዳትሉኝ ደግሞ «ዘ ቼይን»ን ስሙ። ይህም «ድሪምስ» ካለበት «ሩመርስ» ከሚባለው አልበም ነው፣ አምስቱም በጋራ እንደጻፉት የተመዘገበው ብቸኛ ዘፈን። የተለያዩ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው ነው የተሠራው። ሦስት ደቂቃ ላይ ሲደርስ ሁሉም ይጠፋል። ዘፋኞቹ የሉም፣ ጊታሩ የለም። ዘፈኑ ያለቀ ይመስላል። ከዚያ ያ ቤዝ ይገባል፣ ከሞላ ጎደል ብቻውን። በጣት የምትቆጠር ኖታ ናት። ከታች ተነስታ ትዞርና ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ቆም። እንደገና። ከዚያ ድራሙ ይጠነክራል፣ ጊታሩ ይመጣል፣ ከኋላ ሁሉም ይሮጣል። እንግሊዞች ይህችን ቁራጭ ከ1978 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በቢቢሲ የፎርሙላ ዋን ውድድር ማጀቢያ አድርገዋት ነበር። የባንዱን ስም የማያውቅ የመኪና አፍቃሪ ሁሉ ያችን ቤዝ በአፉ ይላታል። አስቡት፣ አንድ ሕዝብ በአፉ የሚለው የቤዝ ዜማ! ሊድ ጊታር አይደለም፣ ዘፋኝ አይደለም፣ ቤዝ።

እኔ ይህን የሰማሁት በኛ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከጣሊያን የመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሽፋን የሌለው ካሴት ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባንዱ ማን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ቤዝ የምለማመደው ከፈረሰው የቀበሌ ኪነት በተረፈ መሣሪያ ነው፤ ሦስት ክር ብቻ የቀረው። ቴፔ በድንጋይ ነው የሚሠራው፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቼ እመልሰዋለሁ። ካሴቱን ወደ ኋላ የማጠነጥነው ድንጋዩ እንዳያልቅ በእስክሪብቶ ነው። ያችን ቦታ ለማግኘት ስንት ጊዜ እንዳዞርኩ እግዜር ይወቀው፤ ጥርሷ እስኪበላ። በወሩ አጠናሁት ብዬ ለጓደኛዬ፣ እሱ ቤት መብራት ነበር፣ ካሴቱን ከፍቼ አብሬ ልጫወትለት ስል ቅኝቱ አልገጥም አለ። እኔ ሌላ፣ ሰውዬው ሌላ። ለካስ በደከመ ድንጋይ ቴፑ እየተጎተተ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎብኝ ኖሯል። አንድ ወር ሙሉ የተማርኩት የጆን ማክቪን ሳይሆን የድንጋዩን ቤዝ ነው። ዜማዋ ግን ዝቅም ብላ ያችው ናት። እስከዛሬ መሣሪያዬ መሥራቱን ስሞክር መጀመሪያ የምመታው እሷን ነው።

አሁን ወደ ባለቤቴ ጥያቄ። ያ አልበም ሲቀረጽ፣ በ1976 ካሊፎርኒያ ሳውሳሊቶ ውስጥ፣ ጆንና ክሪስቲን ማክቪ ከስምንት ዓመት ጋብቻ በኋላ እየተለያዩ ነበር። ይህን እናንተም ጽፋችኋል። ሊንዚና ስቲቪም እንዲሁ፣ የሚክ ፍሊትውድም ትዳር እንዲሁ። የጻፋችሁት ሁሉ ልክ ነው። ያልጻፋችሁት ግን ይኸውላችሁ። ክሪስቲን «ዩ ሜክ ላቪንግ ፈን» የሚል ዘፈን ይዛ መጣች። ዘፈኑ ስለ አዲሱ ወዳጇ ነው፤ የባንዱ የመብራት ባለሙያ ነበር። ጆን እንዳይቆጣ ብላ ስለ ውሻዋ ነው አለችው። እሱ ቤዙን አንስቶ ተጫወተው።

እስቲ ያንን ቤዝ ስሙት። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጫወቱ ነበር? እኔ ብሆን ክሩን እበጥሰው ነበር። እሱ ግን ለስላሳ ትራስ ነው ያስቀመጠላት። ይሞቃል፣ ይንከባለላል፣ ኪቦርዷ የምትለውን ከስር እየተቀበለ ያስውብላታል። ከሷ ድምፅ አንድ ጊዜም አይበልጥም። ነገሩን በኋላ ሲያውቅም ዓመታት ሙሉ መድረክ ላይ እየቆመ ይኸንኑ ለሷ ተጫውቷል። ለሱ ብላ የጻፈችው ደግሞ ሌላ ነው፤ «ዶንት ስቶፕ»፣ ክሊንተን በ1992 ለምርጫ ቅስቀሳ የተጠቀሙበት። ነገ ከትናንት ይሻላል፣ አይዞህ የሚል ነው መልእክቱ። ጆን ይህ ዘፈን ስለሱ መሆኑን ለብዙ ዓመታት እየተጫወተው አላወቀም ነበር፤ ሰው ነው የነገረው። እኔ ይገባኛል። ቤዝ ተጫዋች ግጥም አይሰማም። ድራሙን ነው የሚሰማው።

እንግዲህ «እየተጣሉ እንዴት አብረው ሠሩ?» ለሚለው የኔ መልስ ይህ ነው። ከላይ ያሉት ሲነካከሱ ከታች ያሉት ሁለቱ ወለሉን ይዘው ነበር። ዘፈኖቹ ውስጥ ንዴት አለ፣ እንባ አለ፣ ቅናት አለ። ቤዙ ውስጥ የለም። ያ አልበም ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፣ አሜሪካ ውስጥ 31 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፣ በ1978 የዓመቱ አልበም ተብሎ ግራሚ ወስዷል። ሰው ሁሉ የገዛው ለወሬው ነው ካላችሁ አልከራከርም፤ ግን ወሬ እንዲህ ሃምሳ ዓመት ሊጠጋ አይሰማም።

ሰውዬውን መልአክ እያደረግኩት እንዳይመስላችሁ። ጠጪ ነበር፣ ሜዮልም በመጠጥ ምክንያት ከአንድ ጊዜ በላይ አባርሮታል፣ ትዳሩንም የጎዳው አንዱ ይኸው ነው። በቤዝ ችሎታም ቢሆን በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከሱ የበለጠ ጣት ያላቸው ነበሩ። የዘ ሁው ባንድ ጆን ኤንትዊስል ነበር፣ በ1965 ነው በቤዝ ሶሎ የተጫወተው፣ ስሰማው እስከዛሬ አፌን እይዛለሁ። የክሪም ባንዱ ጃክ ብሩስ ነበር። እነሱን ሰምቼ «እንዴት አደረገው?» እላለሁ። ማክቪን ስሰማ ግን እንዲህ አልልም፣ ዘፈኑ ነው ደስ የሚለኝ። ልዩነቱ ይኸው ነው፣ አንዱን ከአንዱ ለማሳነስ አይደለም። ብቻ ሠርግ ላይ ለሙሽሪት እናት ኤንትዊስልን ብትጫወትላቸው ዱላ ነው።

ለነገሩ እኛም ጋ ያው ነው። ካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፊት አለ፣ ከሱ ጀርባ አበባ አለ። የሮሃ ባንድን ሙዚቃ ሰምቶ ያላደገ የኔ ዕድሜ ሰው የለም፤ ቤዙን ማን ነበር የሚጫወተው ብላችሁ ግን አሥር ሰው ጠይቁ። ጆቫኒ ሪኮ ነው። ያን ቤዝ ከነዚያ ዘፈኖች ላይ ብታነሱት እስክስታው ራሱ የት ጋ እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። ስለሱ ብትጽፉ ደግሞ እኔ ጋዜጣውን አሥር ኮፒ እገዛለሁ።

ማክቪ ራሱ ለዚህ ሁሉ ግድ ያለው ሰው አይመስልም። ቃለ መጠይቅ አይወድም። በስሙ ያወጣው አልበም አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በ1992፣ ዘፈኖቹንም የዘፈነችው ሌላ ሴት ናት። ፔንግዊን ይወዳል፤ የባንዱ ምልክት ፔንግዊን የሆነው በሱ ነው፣ ክንዱ ላይም ተነቅሶታል። በ2013 ካንሰር ተገኘበትና ጉዟቸውን ሰረዙ፤ ድኖ ተመለሰ። በተከታዩ ዓመት ክሪስቲን ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ባንዱ ስትመለስ እዚያው ነበር፣ ድራሙ አጠገብ፣ ያንኑ ትራስ ይዞ። እሷ በኅዳር 2022 አረፈች።

ዛሬ ጠዋት ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ባለቤቴን ጠርቼ ጆሮ ማዳመጫዬን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ያችን ስለ ውሻ ነው የተባለችውን ከፈትኩ። ዘፋኟን ተያት፣ ከታች ያለውን ስሚ አልኳት። መጀመሪያ «ምኑን?» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ አንገቷ መወዝወዝ ጀመረ፣ በዘፋኟ ሳይሆን በሱ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቃ «ይሄ ሰውዬ ግን ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት። «ውሻ እንዳልሆነ» ብላ ወደ ወጧ ሄደች።

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ ረጅም ነገር አያስፈልግም። ፎቶውን ሙሉውን ድጋሚ አውጡት። ጠርዙ ላይ ያለው፣ ኮፍያ ያደረገው፣ እሱ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የቅዳሜ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ